የሥጋ ሻጩ አረንጓዴ ገንዳ

ጋሽ ባያብል ተኝተው ሞቱ። ተኝተው!

እማዬ ከልቅሶ ቤት ተመልሳ ስትነግረኝ "ተኝተው ማለት?" አልኳት። "ተኝተው ማለት ተኝተው ነዋ! ማታ ተኙ፣ ጠዋት አልተነሡም" ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዞር አለች። እንደኔ ግራ የተጋባው ሰው ብዙ ነው። ልቅሶ የሚደርሰው ሁሉ "ምን አገኛቸው?" ይልና መልሱን ሲሰማ ፊቱ ላይ ቅሬታ ቢጤ ይታያል። በሬ ወግቷቸው ቢሆን፣ ከአንዱ ጋር ተናንቀው ገደል ገብተው ቢሆን፣ ሁላችንም "አይ ጋሽ ባያብል!" ብለን በወጉ እናለቅስ ነበር። እሳቸውን የሚያህል ሰው በእንቅልፍ ይሸነፋል ብሎ ያሰበ ግን ላሊበላ ውስጥ አንድም አልነበረም።

እኔም አለቀስኩ። ልቅሶው መሃል ደግሞ ሳቄ መጣ። እማዬ ቆነጠጠችኝ። እኚህን ሰውዬ ሳያውቁ መቅረት ጉዳት ነውና እስቲ ልንገራችሁ።

ጎረቤታችን ነበሩ። ከከተማው ወደ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የኛን ግቢና የሳቸውን ግቢ የሚለየው የቁልቋል አጥር ብቻ ነው። ሥራቸው ሥጋ መሸጥ ነበር፤ ሉካንዳቸው መንገድ ዳር፣ የሚታረዱት ከብቶች ጓሮ። ክንዳቸው የሰው ጭን ያህላል። ሲያወሩ ይጮሃሉ፣ ሲጮሁ ደግሞ የማዶ ውሾች ይመልሱላቸዋል። "እንደምን አደርሽ" የሚሉት ትከሻ በጡጫ መትተው ነው። በሩን መትተው ይዘጋሉ፣ ሬዲዮኑን መትተው ይከፍታሉ፣ ሻይ ሲያዝዙ ጠረጴዛ ይመታሉ። ከማንም ጋር ይጣላሉ። ከሚዛናቸው ጋር ሲጣሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅ ግን አይመቱም። ልጅ የሚመታ ሰው ያዩ ቀን ነው ጉድ የሚፈላው፤ የሰፈራችን አባቶች ልጅ መቅጣት ሲያምራቸው መጀመሪያ በቁልቋሉ አጮልቀው ጋሽ ባያብል ጓሮ መኖር አለመኖራቸውን ያረጋግጣሉ።

ሰው ከመስደባቸው በፊት የሚሏት ነገር ነበረቻቸው። "እኔ ሥጋ ሻጭ ነኝ፤ ቅመም አልሸጥም" ይላሉ። ይህን ከሰማችሁ በኋላ ጆሮ መያዝ ነው።

ጠላታቸው ጾም ነበር። እሳቸውም ይጾማሉ፣ አጥብቀው ይጾማሉ፤ ግን ሁዳዴ ሲገባ ሉካንዳው ይዘጋል፣ ያ ሁሉ ጉልበት ደግሞ መሄጃ ያጣል። ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ቢላ ይስላሉ። የሚቆረጥ ነገር የለም፤ እሳቸው ግን ይስላሉ። ከመንገደኛው ጋር፣ ከአህያው ጋር፣ ከነፋሱ ጋር ይጣላሉ። እማዬ "ምነው ፋሲካ በደረሰና ሰው ባረፈ" ትላለች።

ከጦርነቱ በፊት አንድ ፕሮጀክት ወደ ከተማችን መጣ፤ እናቶችንና ሕፃናትን ስለ አመጋገብ የሚያስተምር። ሐና የምትባል ወጣት ባለሙያ ፀሐይ የሚመታው ግቢ ስትፈልግ የጋሽ ባያብልን ጓሮ ወደደችው። በድንጋይ ከበብ አድርጋ፣ ጥቁር ላስቲክ አንጥፋ ገንዳ አሠራች። ውሃ፣ ጨውና ሶዳ ጨመረችበት፤ ከዚያ ከጠርሙስ አንድ አረንጓዴ ነገር አፈሰሰችበት። ውሎ ሲያድር ገንዳው ሙሉውን አረንጓዴ ሆነ።

"ይሄ የእንቁራሪት ወጥ ምንድን ነው?" አሏት ጋሽ ባያብል።

"ስፒሩሊና ይባላል ጋሼ። አልጌ ነው። ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ ፀሐይ በልቶ የሚያድግ ነገር። አጥልለን፣ አድርቀን፣ ፈጭተን ምግብ ላይ እንጨምረዋለን። ከደረቀ በኋላ ከግማሽ በላዩ ፕሮቲን ነው። ብረትም አለው።"

"ፕሮቲን ማለት?"

"ያው ሥጋ ውስጥ ያለው።"

ጋሽ ባያብል የገንዳውን ጠርዝ በጡጫ መቱት። "እና ሉካንዳዬን ልታዘጊ ነው እጓሮዬ ድረስ የገባሽው?"

"ኧረ ጋሼ! ይሄ የጾም ነው። ሥጋ በማይበላበት ጊዜ የሚበላ።"

ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ ያኔ ነው መጀመሪያ ያየሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጾም የሚሠሩት ሥራ አገኙ፤ ሰፈሩም አረፈ። ማለዳ ማለዳ በመጥረጊያ እንጨት ገንዳውን እያማሰሉ "ተነሥ አንተ ሰነፍ! ፀሐይዋ ወጥታለች!" ብለው ሲጮሁበት እኛ ትምህርት ቤት ለመሄድ እንነቃለን። የላስታ ብርድ አይስማማውም ስለተባለ ሲመሽ በላስቲክ ይሸፍኑታል፤ ከላስቲኩ ላይ ደግሞ የገዛ ጋቢያቸውን ይደርባሉ። ራሳቸው ያለ ጋቢ ያድራሉ።

ጦርነቱ ሲቃረብ የፕሮጀክቱ መኪኖች በአንድ ማለዳ ተጠራርገው ወጡ። ሐና ሞተሩ እንደተነሣ ወርዳ እየሮጠች ጓሮ ገባች። "ጋሼ፣ ዘሩን አደራ! ከሞተ እንደገና ማግኘቱ ከባድ ነው!" አለቻቸው። እሳቸውም "ሂጂ!" ብለው ጮሁባት፤ ትከሻዋን መቱና ወደ መኪናዋ ገፏት።

ከዚያ መሣሪያ የያዙ ሰዎች መጡ። የሉካንዳውን በር በሰደፍ ሰበሩ፤ ከጓሮ በሬዎቹንና ፍየሎቹን ነድተው አወጡ። እኔና እማዬ ከቁልቋሉ ሥር ተጋድመን እናያለን። እማዬ እጇን አፌ ላይ አድርጋለች። ጋሽ ባያብል ከብቶቻቸው ሲወሰዱ ምንም አላሉም። በኋላ አንደኛው ሰው ገንዳው አጠገብ ቆመና የጠመንጃውን አፈሙዝ አረንጓዴው ውስጥ ከቶ ማማሰል ጀመረ።

ጋሽ ባያብል አፈሙዙን በእጃቸው ያዙት። አፈሙዙን!

"አውጣው! በቆሻሻ ብረት አታማስለው፣ ይታመምብኛል!"

ሰውዬው በሰደፍ አፋቸውን መታቸው። ጥርስ ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት እንደሚጮህ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ጋሽ ባያብል አልወደቁም። አፋቸው ደም ሞልቶ ጉንጫቸው ተነፋ፤ እዚያው አልተፉትም። ከገንዳው ዞር ብለው፣ ጥቂት ራቅ ብለው፣ መሬት ላይ ተፉት። ሰውዬው ይህን አይቶ ሳቀና "እብድ ነው፣ ተዉት" ብሎ ሄደ።

እማዬ ቁስላቸውን በጨው ውሃ ስታጥብላቸው "በሬዎችዎ ሁሉ ሄደው ለአረንጓዴ ውሃ ይሞታሉ?" አለቻቸው። "በሬ ይገዛል፤ ይሄ ግን አደራ ነው" አሉ በተሰበረው አፋቸው። "ደግሞ ሐና ተመልሳ መጥታ ሞተ ብላት፣ ያቺ ልጅ ትገድለኛለች።" ሐና ተነሥታ እስከ ብብታቸው አትደርስም።

ጋሽ ባያብልን የምታስፈራቸው አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ማርታ። ምክንያቱም ከሳቸው በላይ ትጮሃለች። እሳቸው ዱቄቱን ለሰፈሩ እርጉዞችና አራሶች እየሰጡ "ክኒን ምን ያደርጋል፣ ይሄ እያለ!" ማለታቸውን ሰማችና ጓሯቸው ድረስ መጣች።

"ጋሽ ባያብል፣ አንድ ማንኪያ ዱቄት አንድ ማንኪያ ዱቄት ነው! ተጨማሪ ምግብ እንጂ መድኃኒት አይደለም። ከምግባቸው ጋር፣ ከክኒናቸው ጋር ይውሰዱት። ክኒኑን የሚያስጥሉብኝ ከሆነ ይሄን ገንዳ እኔው ራሴ ነኝ የምገለብጠው!"

"አንቺ ደግሞ!"

"ገና አልጨረስኩም! ውሃው የተፈላ ይሁን። እጅዎን ይታጠቡ። ደግሞ ለሰዉ ይንገሩ፤ ከየኩሬው የሚገኘው አረንጓዴ ሁሉ ይሄ አይደለም፣ መርዝ ያለበት አለ፣ ልጅ የሚጨርስ!"

ጋሽ ባያብል እጃቸውን ታጠቡ። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር።

አሁን ስለ እህቴ ስለ ዝናሽ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የተፈጠረው በሷ ነውና። ዝናሽ ታላቄ ናት። ባሏ ታደለ ቱሪስት አስጎብኚ ነበር፤ ቱሪስቱ ሲጠፋ ሥራ ፈትቶ፣ ቶሎ ቱግ የሚል ሰው ሆኖ፣ ከሷ ጋር እኛው ግቢ አንድ ክፍል ውስጥ ይኖራል። ዝናሽ ስታረግዝ ይወርድባት ነበር። በመጨረሻ ነአኩቶ ለአብ ሄዳ ተሳለች፦ "ልጅ ከሰጠኸኝ አንዲት ጾም አልገድፍም።" አረገዘች። ሆዷ ገፍቶ እየታየ ሁዳዴ ገባ።

ሲስተር ማርታ ደሟን ለካችና ፊቷ ተለወጠ። "ደምሽ በጣም ዝቅ ብሏል። እንዲህ ሆነሽ ምጥ ቢመጣና ትንሽ ደም ቢፈስሽ እዚያው ነው የምትቀሪው። እየሰማሽኝ ነው?" የብረት ክኒን ሰጠቻት፤ ዝናሽ ስትውጠው ያስመልሳታል። የነፍስ አባታችን ቄስ ወልዴ "ልጄ፣ እርጉዝ ነሽ፣ ፈቅጄልሻለሁ፣ ብዪ" አሏት። እሷ ጉልበታቸውን ስማ "አባ፣ ለርስዎ እታዘዛለሁ፤ ለሱ ግን ቃል ሰጥቻለሁ" አለች። በዘጠኝ ሰዓት ቁራሽ በሽሮ ትቀምሳለች፤ ከዚያ ቁጭ ብላ የግቢያችንን ቀይ ድንጋይ በጥፍሯ እየፋቀች ትልሰዋለች። አፈር አማራት።

ጋሽ ባያብል በአጥሩ በኩል አዩአት። በሩን ዞረው አልመጡም፤ በቁልቋሉ ላይ ነው የመጡት! ክንዳቸው ተቦጫጭሮ ደም እየነጠበ ድንጋዩን ከአፏ ነጠቁና ወረወሩት። የታችኛውን የዓይኗን ቆብ በአውራ ጣታቸው፣ ልክ የፍየል ዓይን እንደሚያዩት፣ ገለበጡት።

"ነጭ! እንደ ወረቀት!"

ዝናሽ በጥፊ አጮለቻቸው። ጥፊው ሲጮህ እማዬ ከቤት ወጣች። ጋሽ ባያብልን በጥፊ የመታ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም፤ እኔ ቤታችን ሊፈርስ ነው ብዬ ግድግዳ ተደገፍኩ። እሳቸው ግን ጥርስ በሌለው አፋቸው ፈገግ አሉ።

"ጎሽ! ገና አልሞትሽም!" አሉና ሄደው ዱቄቱን በጣሳ ይዘው መጡ። "ይሄ ዓይን የለው፣ ጅማት የለው፣ ወተት የለው። ሥጋ ሻጭ ነኝ፤ ሥጋ የሆነና ያልሆነ ነገር መለየት አያቅተኝም። በሶሽ ላይ አድርገሽ ትጠጫለሽ። ክኒኑንም ትውጫለሽ፤ አለበለዚያ ያቺ ነርስ እኔን ትውጠኛለች።"

ዝናሽ በየቀኑ ቅዳሴ ሲወጣ አፍንጫዋን ይዛ ጠጣችው። ሽታው! ዓሣ ፀሐይ ላይ የተረሳ ይመስላል። ክኒኑንም ከበሶው ጋር ስትውጠው ይረጋላት ጀመር። ድንጋይ መላስ ተወች። ሲስተር ማርታ እንደገና ስትለካት "እየወጣ ነው፤ ገና ነው ግን። እንዳታቋርጪ" አለቻት።

ይህን ጊዜ ነው ታደለ ጣሳውን ያሸተተው።

ጠላ ቤት ሄዶ አወራ፤ እዚያ ያሉት ደግሞ ጨመሩለት። አንደኛው እንዲህ አለው አሉ፦ "ሥጋ ሻጭ በሁዳዴ ለሚስትህ ጥቁር ዱቄት ያበላታል። አንተ ዝም ብለህ ታያለህ። ምን መሰለህ? አድርቆ የፈጨው የበሬ ደም ነዋ! ደም ይተካል ሲል አልሰማኸውም?" እውነትም ዱቄቱ ሲደርቅ አረንጓዴነቱ ጠልቆ ወደ ጥቁር ይጠጋል። ታደለ ክፉ ሰው አይደለም። ፈራ። ስለቱ ከፈረሰ ልጁ እንደ በፊቶቹ ይሄድብኛል ብሎ ፈራ፤ ፍርሃቱ ደግሞ እጁ ላይ መጥረቢያ ሆነ።

ከረፋዱ ላይ የጠላ ቤት ጓደኞቹን አስከትሎ የጋሽ ባያብልን ጓሮ በር በርግዶ ገባ። "የታለ ደሙ? የታለ?" መጥረቢያውን አንሥቶ ገንዳው ላይ አሳረፈው። ላስቲኩ ተቀደደ፣ ድንጋዩ ተናደ፤ አረንጓዴው ውሃ እየተንዶለዶለ በቀዩ መሬት ላይ ወረደና ቁልቋሉ ሥር ገባ። ደግሞ መታው። ደግሞ!

ጋሽ ባያብል ከሉካንዳው ወጡ። እጃቸው ላይ የሚስሉት ቢላ ነበር።

ሁሉም ደረቀ። የታደለ ጓደኞች ወደ በሩ አፈገፈጉ። ጋሽ ባያብል ቢላውን አዩት፣ ታደለን አዩት፣ የሚፈሰውን አረንጓዴ አዩት። ከዚያ ቢላውን ወደ ቤታቸው ጣራ ወረወሩት፤ ቆርቆሮው ላይ እየተንኳኳ ተንሸራቶ አንድ ቦታ ተሰካ። ባዶ እጃቸውን ወደ ታደለ ሄዱ።

"እኔ ሥጋ ሻጭ ነኝ" አሉ። "ቅመም አል..."

አልጨረሱትም። በቴስታ! የታደለ አፍንጫ ሲሰበር ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ሰማሁት። መጥረቢያው ወደቀ። ጓደኞቹ ዘለው ጋሽ ባያብል ላይ ተከመሩ፤ እሳቸው አንዱን በቀበቶው አንሥተው የተናደው ድንጋይ ላይ አሳረፉት፣ ሌላውን ደረቱን በክርናቸው ብለው ትንፋሹን አሳጡት። ሦስተኛው በዱላ ጀርባቸውን ሲመታቸው ዞር እንኳ አላሉም። ሁሉም አረንጓዴ ጭቃ ሆነዋል፤ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። እማዬ "ኡ! ኡ! የሰው ያለህ!" ትላለች። ታደለ ደም እየተፋ ተነሣና "አንተ አረመኔ! ልጄን ልትገድል!" አለ። "ጋሽ" ማለቱ ቀርቶ "አንተ"! ጉሮሯቸውን አነቀ፣ እሳቸውም አነቁት።

ዝናሽ ሆዷን ይዛ መሃላቸው ገባች። ከማን እጅ እንደሆነ እንጃ፣ ተገፋችና ወደቀች።

ያን ጊዜ ድብድቡ ቆመ። ውሃው ሲንጠባጠብ ብቻ ይሰማል። ዝናሽ ጭቃው ውስጥ ቁጭ ብላ ቀና አለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ካሁን በኋላ የሚመታ ካለ እኔን ይምታ" አለች። "ታደለ፣ የጠጣሁት ደም ከሆነ ስለቴ ፈርሷል። ካልሆነ ግን ያፈሰስከው የኔን ነፍስ ነው። ቄሱን ጥሩልኝ።"

ቄስ ወልዴ መስቀላቸውንና መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። የዕለቱ ተረኛ ስላልሆኑ ቤታቸው ነበሩ። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው በጭቃው መሃል ቆሙና ጋሽ ባያብልን መረመሯቸው።

"ባያብል፣ ይሄ ነገር ዓይን አለው?"

"የለውም አባ።"

"ደም?"

"የለውም።"

"ይንቀሳቀሳል? ይሸሻል?"

"አባ፣ ወዴት ይሸሻል? አልጌ ነው!"

"ታዲያ ለምን ዓሣ ዓሣ ይላል?"

"እኔ ፈጠርኩት? የፈጠረውን ይጠይቁልኛ!"

አንዱ የተደበደበ ሰው ሳቀ፤ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ስለነበር ወዲያው "ኧረ ወየው" አለ።

"ይቅመሱትና ይፍረዱ" አሉ ጋሽ ባያብል።

ቄስ ወልዴ ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ። "ቅዳሴ አልወጣም" አሉ።

እውነት ነው፤ ሁዳዴ ነው። እህል ውሃ ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ነው። ፍርዱ ቅዳሴ እስኪወጣ መጠበቅ ነበረበት፤ ደግሞ ፍርዱን ሳይሰማ የሚሄድ የለም። እንዲህ ያለ ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ? የተፈነከተው፣ አፍንጫው የተሰበረው፣ ዱላ የያዘው፣ ሁሉም በግድግዳው ጥላ ሥር ተደርድሮ ቁጭ አለ። ጋሽ ባያብል በአንድ እጃቸው የታደለን ኮሌታ ይዘዋል። በሌላው እጃቸው ከተቀደደው ላስቲክ እጥፋት ውስጥ የቀረውን አረንጓዴ በጣሳ እየጨለፉ ጄሪካን ውስጥ ያንቆረቁራሉ። ጎንበስ ሲሉ ታደለም አብሮ ጎንበስ ይላል።

"ጋሽ ባያብል፣ አንገቴን ትንሽ ለቀቅ ያድርጉልኝ።"

"ስትገባ አንኳኩተህ ነበር?"

"አላንኳኳሁም።"

"በል ጎንበስ በል፣ እዚያ ጥግ ቀርቷል።"

ዝናሽ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛለች፤ አንዴ "ተንቀሳቀሰ" አለች፣ ታደለም ከነተያዘ ኮሌታው ማልቀስ ጀመረ። 

ደወሉ ተሰማ። ቄስ ወልዴ ተነሡ፣ አማተቡ፣ ከጣሳው ዱቄቱን በጣታቸው ቆንጥረው ምላሳቸው ላይ አደረጉ። ሁላችንም አፋቸውን እናያለን። ዓይናቸው ጠበበ። ጺማቸው ተንቀጠቀጠ።

"ውሃ!" አሉ። ጠጡ። ደግመው ጠጡ። "በስመ ሥላሴ! ይሄን የሚበላ ሰው ጾሙ እጥፍ ሆኖ ይቆጠርለታል።"

ከዚያ መቋሚያቸውን አነሡ። "የውሃ ቅጠል ነው። ሽታ ጾም አያፈርስም። ዝናሽ ልጄ፣ ስለትሽ እንደቆመ ነው።" ቀጥሎ ታደለን ትከሻውን በመቋሚያው መቱት፣ "ይሄ ስለ ገንዳው"፤ ጋሽ ባያብልን ደግሞ መቱ፣ "ይሄ ስለ አፍንጫው።" ጋሽ ባያብል ተመትተው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ "ይፍቱኝ አባ" አሉ።

ታደለ በማግስቱ ድንጋዩን መለሰ፣ አዲስ ላስቲክ አነጠፈ። ጋሽ ባያብል ራሱ ላይ ቆመው ይሰድቡታል። ከጄሪካኑ የወጣው ዘር ገርጥቶ፣ ወደ ቢጫ አድልቶ ነበር፤ ገንዳው እስኪያገግም የሚታጨድ አልነበረም። ዝናሽ የተረፈችውን ዱቄት ቆጥባ ቆጥባ ጨረሰች። ሲስተር ማርታ "ክኒኑን አጥብቂ፤ ከዚህ በላይ መውረድ አትችዪም" አለቻት። ታደለ ጋቢውን ከጋሽ ባያብል ጋቢ ላይ ደርቦ ገንዳውን ያለብሳል፤ ሲነጋ ሁለቱም ቀለሙን ለማየት ይሽቀዳደማሉ፣ ሲገፋፉም እሰማቸዋለሁ። በኋላ በኋላ ጠለቅ እያለ መጣ፤ ዝናሽ ከአዲሱ ዱቄት መጠጣት እንደጀመረች ምጡ መጣ።

ያን ቀን ደግሞ ከተማው ውስጥ ተኩስ ነበር። መኪና አይንቀሳቀስም። ታደለ ቃሬዛውን ከፊት፣ ጋሽ ባያብል ከኋላ ያዙ፤ እኔና እማዬ ዝናሽን ግራና ቀኝ ይዘን ሮጥን። ጥይት ከላያችን ያፏጫል። አንዱ የመንገዱን ዳር ግንብ መትቶ ስንጣሪው የጋሽ ባያብልን ግንባር ሰነጠቀው፤ ደሙ ዓይናቸው ውስጥ ገባ፣ እጃቸው ግን በቃሬዛው ተይዟል። "ጥረጊልኝ!" ብለው ጮሁብኝ፣ በነጠላዬ ጠረግሁላቸው።

መታጠፊያው ላይ መሣሪያ የያዘ ወጣት ብቅ አለ። "ቁሙ! መንገዱ ዝግ ነው!"

"አንተ ስትወለድ መንገዱ ዝግ ነበር?" አሉት ጋሽ ባያብል።

ልጁ ጠመንጃውን አቀባበለ። ታደለ ቃሬዛውን እንደያዘ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ፣ አፈሙዙ ደረቱ ላይ እስኪነካ። ዝናሽ በዚያች ሰዓት ምጡ ሲይዛት ጮኸች፤ እኔ እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ልጁ አፈሙዙን ወደ መሬት አወረደ። "እለፉ" አለ። "እለፉ፣ እለፉ!" ወደ ኮረብታው ዞሮም "አትተኩሱ! ሴት እየወለደች ነው!" ብሎ ተጣራ። ተኩሱ ይቁም አይቁም አላወቅሁም፤ እኛ መሮጥ ብቻ ነው።

ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ ጠበቅን። ጩኸት፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ የሕፃን ልቅሶ፣ ከዚያ ደግሞ የሚያስፈራ ረጅም ዝምታ። ታደለ ግንባሩን ግድግዳው ላይ ያጋጫል። ሲስተር ማርታ ስትወጣ ልብሷ እስከ ጉልበቷ ቀይ ነበር።

"ደም ፈስሷታል" አለች። "ብዙ ፈስሷታል።" እማዬ መሬት ላይ ቁጭ አለች። "ግን ቆሟል፤ ተቋቁማዋለች። ሁዳዴ ሲገባ እንደነበረችው ብትሆን ኖሮ አሁን የምነግራችሁ ሌላ ነበር።"

"አላልኩሽም?" ጋሽ ባያብል ግድግዳውን በጡጫ መቱት። "አረንጓዴው!"

"ክኒኑም!"

"አረንጓዴው ነው እንጂ!"

"ሁለቱም ነው! እሷም ራሷ ናት! አሁን ከዚህ ውጡልኝ፣ ሰው ልሰፋ ነው!"

ሁለቱን ወንዶች ወደ ውጭ ገፍታ እኔን አስገባችኝ። ዝናሽ ከአንሶላው የባሰ ነጥታለች፤ ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀሳል። ደረቷ ላይ የተጠቀለለችው ልጅ ጡጫዋን ጨብጣ ትጮሃለች። ከውጭ አንድ ነገር ጓ አለ፤ በር ይሁን ጀርባ አልለየሁትም።

"ምንድን ነው እሱ?" አለችኝ ዝናሽ፣ ድምፅዋ ሳይወጣ።

በመስኮቱ አየሁ። "ጋሽ ባያብል ናቸው። ታደለን እየመቱት ነው።"

"እሱስ?"

"እሱም እየመታቸው ነው። እያለቀሱ ነው ሁለቱም።"

ዝናሽ ዓይኗን ጨፈነች፤ ልጅቷን ወደ ላይ ሳብ አደረገቻት።

"በይ እንግዲያ ደህና ነን" አለች።